ዳውላውን ተዉት፦ በእንስሳት ላይ ለሚደርስ ጭካኔ ቢሮን በወረቀት እንዴት እንደምንጠይቅ

ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ኮፒ ማሽን። ቢሮ የሚመላለስ ሰው አንድ ቀን በእኔ ዓይነት ቤት ማለፉ አይቀርም። የካርታ ጉዳይ ያለው ይመጣል፣ የጡረታ ይመጣል፣ የዝውውር፣ የውርስ። ሰው ችግሩን በቃል ይነግረኛል፤ እኔ ማመልከቻ አደርገዋለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሠርቼበታለሁ። ስለ ቢሮ የማውቀውን ሁሉ ያወቅኩት ከዚህ ወንበር ላይ ነው።

ይህን ዕውቀት ለእንስሳ አውለዋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር።

ሚያዝያ 18 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ። ሲሚንቶ የጫነ የአህያ ጋሪ ከበሬ ፊት ለፊት ኮብልስቶኑ ላይ ቀጥ አለ። አህያዋ ወድቃለች። የፊት እግሮቿ ታጥፈዋል፤ የጋሪው እንጨት ደረቷን ተጭኖ ይዟታል። ነጂው ከአሥራ ስድስት ዓመት የማይበልጥ ልጅ ነው። በጎማ ቁራጭ ይመታታል። ወጥቼ ከረጢቱን ቆጠርኩ። አሥራ ስድስት። አንዱ ሃምሳ ኪሎ ነው። ስምንት ኩንታል በአንዲት አህያ።

ሰዎች ተባብረው ጭነቱን አወረዱ። ውሃ በባልዲ አመጣሁ። ማሰሪያው ሲነሳ ነው ጉዱን ያየሁት። አንገቷ ከጀርባዋ በሚገናኝበት ቦታ ላይ መዳፍ የሚያህል ቁስል አለ። ጆንያ ታጥፎ ተደርጎበታል። ጆንያው ከሥጋዋ ጋር ተጣብቋል። ልጁ ሳብ ሲያደርገው አህያዋ አልጮኸችም፤ ቆዳዋ ብቻ ከዳር እስከ ዳር ተንቀጠቀጠ። ዝንቡ ወዲያው ሰፈረባት። ገጣባ የሚለውን ቃል በልጅነቴ እንደ ስድብ እሰማው ነበር። ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ልጁ ላይ ጮኽኩበት። አንገቱን ደፍቶ "ማዘር፣ የኔ አይደለችም" አለኝ። "በቀን ለባለቤቱ አስገባለሁ። ካልሞላሁለት ነገ ጋሪውን ለሌላ ይሰጠዋል።"

በማግስቱ ለሚመለከታቸው ሰዎች ልናገር ሄድኩ። አንዱ ጋ "ይሄ የእንስሳት ጤና ሰዎች ሥራ ነው፣ እነሱ ጋ ሂጂ" ተባልኩ። እነሱ ጋ ስደርስ "እኛ እናክማለን እንጂ አንቀጣም፤ ወንጀል ከሆነ ወደ መጣሽበት ተመለሺ" ተባልኩ። ሦስት ቀን እንደ ኳስ ተቀባበሉኝ። ሁሉም ትሑቶች ናቸው፤ አንድም ሰው አልተቆጣኝም። ግን አንድም ሰው አልጻፈም። በሦስተኛው ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ለደንበኞቼ ሁልጊዜ የምላቸውን ለራሴ ረስቼው ነበር፦ የቃል መልስ ይዛችሁ አትመለሱ።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይላል ያገሬ ሰው። ጋሪ ነጂውን ልጅ መስደብ፣ ፎቶውን በቴሌግራም መበተን ቀላል ነው። እሱ ዳውላው ነው። ሕጉን የማስፈጸም አደራ ወስዶ፣ ደመወዝ እየተከፈለው ዝም የሚለውን ቢሮ መጠየቅ ነው ከባዱ። ከዚህ በታች የምጽፈው እሱን እንዴት እንደምትጠይቁ ነው። እኔ በሐዋሳ ነው የሞከርኩት፤ አዳማም ሆነ ሌላ ከተማ ያላችሁ የቢሮውን ስም ቀይራችሁ ተጠቀሙበት።

ማን ምን ይሠራል?

በመጀመሪያ ሕጉ መኖሩን እወቁ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 414/1996፣ በመጨረሻው ክፍሉ ደንብ መተላለፍ በሚለው ሥር በእንስሳት ላይ ስለሚፈጸም ጭካኔ የሚናገር ድንጋጌ አለው። ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው ሥራ ላይ የዋለው። ደንብ መተላለፍ ስለሆነ ቅጣቱ ቀላል ነው፤ ብዙ ሰው የሚንቀውም ለዚህ ነው። ቀላል ቅጣት ማለት ግን ቅጣት የለም ማለት አይደለም። ሕግ ይሻሻላል፣ አዲስ አዋጅም ይወጣል። ስለዚህ ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ጠበቃ ወይም ዐቃቤ ሕግ ጠይቁና በዕለቱ ጸንቶ ያለውን ሕግ ጥቀሱ። ፍርድ ቤት አካባቢ አምስት ደቂቃ የሚበቃው ጥያቄ ነው።

ቀጥሎ ሥራውን ከፋፍላችሁ እዩት። ወንጀሉን መመርመር የፖሊስ ሥራ ነው። ክስ ማቅረብ የዐቃቤ ሕግ ነው። ቁስሉን አይቶ ምን እንደሆነ የሚጽፈው የእንስሳት ሐኪም ነው፤ እሱ በግብርናው ዘርፍ ሥር ነው የሚገኘው። ከተማው ስለ ጋሪ ያወጣው ደንብ ካለ፣ የት ይሂድ፣ ምን ያህል ይጫን የሚል፣ እሱን የሚቆጣጠሩት የከተማው ደንብ አስከባሪዎች ናቸው። በአገራችን በአህያና በፈረስ ላይ ለዓመታት የሠሩ እንደ ብሩክ፣ ዶንኪ ሳንክቹሪና ስፓና ያሉ ድርጅቶች አሉ። እነሱ ያክማሉ፣ ባለጋሪዎችን ያስተምራሉ። መቅጣት ግን አይችሉም። ይህን የማነሳው ብዙ ሰው በጎ አድራጎት ድርጅት ደውሎ ሥራውን የጨረሰ ስለሚመስለው ነው። መታከም አንድ ነገር ነው፤ ሕግ መከበሩ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ማስረጃችሁን በዕለቱ ያዙ

ስልካችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ሰዓታችሁን እዩ። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው። ቦታው ሲባል "መንገድ ላይ" አይደለም፤ ከየትኛው ሱቅ ፊት ለፊት፣ ከየትኛው ክፍለ ከተማና ቀበሌ። ጭነቱን ቁጠሩ። "ከአቅም በላይ ጭኗል" ብትሉ ባለቤቱ "አይ፣ ትችላለች" ይላል። "አሥራ ስድስት ከረጢት ሲሚንቶ" ብትሉ ማንም ሰው ማባዛት ይችላል።

ፎቶ ስታነሱ መጀመሪያ ራቅ ብላችሁ ሙሉ ጋሪውንና አካባቢውን አንሱ። ከዚያ ቀረብ። ከቁስሉ አጠገብ የአንድ ብር ሳንቲም ይዛችሁ አንድ አንሱ፤ ትልቅነቱ ይታያል። የልጁን ፊት አታንሱ። የምትከሱት እሱን አይደለም፤ ቢሆንም እንኳ የልጅ ፊት በየስልኩ መዞር የለበትም። አብሯችሁ ያየ ሰው ካለ ስሙንና ስልኩን ያዙ። እኔ ጎረቤቴን ባለ ሻይ ቤቷን አስፈረምኳት። "ምን አገባኝ" ብላ ነበር። ቁስሉን ካየች በኋላ ራሷ ናት እስክሪብቶ የጠየቀችኝ።

የሐኪሙ ወረቀት ከሁሉም ይበልጣል። ሐዋሳ የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናት፤ ሐኪም አይጠፋም። ባለቤቱን አግባቡና አህያዋን ለሕክምና እንዲያመጣ አድርጉ። አብራችሁ ሂዱ። ሐኪሙን "ጨካኞች ናቸው ብለህ ጻፍልኝ" አትበሉት። ያየውን እንዲጽፍ ጠይቁት። ቁስሉ በሴንቲሜትር ስንት ነው? አዲስ ነው የቆየ? ከምን የመጣ ይመስላል? የጎድን አጥንቷ ይቆጠራል ወይ? ስንት ቀን ዕረፍት ያስፈልጋታል? ቀን፣ ፊርማ፣ ማህተም። ለእኔ የተጻፈው ግማሽ ገጽ ነው። ቁስሉ የቆየ መሆኑንና በማሰሪያ መጋጋጥ የመጣ መሆኑን ይገልጻል። ያ ግማሽ ገጽ "ድንገት ወደቀች እኮ" የሚለውን ወሬ ዘግቶልኛል።

ፖሊስ ጋ ስታመለክቱ ቃላችሁ በጽሑፍ እንዲያዝ ጠይቁ። ሲነበብላችሁ ስሙ፤ የተሳሳተ ካለ አስተካክሉና ፈርሙ። የመዝገብ ቁጥር ጠይቁ። ተረኛው "ለዚህ ለዚህ መዝገብ አንከፍትም" ካላችሁ አትጨቃጨቁ። ስሙንና ሰዓቱን ደብተራችሁ ላይ ጻፉና ወደ ደብዳቤው እለፉ።

ደብዳቤው

እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ላስረዳችሁ፤ ሙያዬ ነውና።

የመጀመሪያ ደብዳቤዬን የጻፍኩት ተናድጄ ነው። "ኃላፊነት የማይሰማችሁ" የሚል ቃል ነበረበት። ኃላፊው ጋ ሲደርስ የተወራው ስለ አህያዋ አይደለም፤ ስለ እኔ ቋንቋ ነው። ስድብ ያለበት ደብዳቤ ለቢሮው ማምለጫ ነው። ሁለተኛውን እንደ ሥራዬ ጻፍኩት፦

"ቀን፦ ግንቦት 3 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለ……… ጽሕፈት ቤት
ሐዋሳ

ጉዳዩ፦ በእንስሳት ላይ ስለሚፈጸም ጭካኔና ስለተወሰደ እርምጃ መረጃ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ

በርዕሱ እንደተገለጸው ሚያዝያ 18 ቀን 2015 ዓ.ም. ከቀኑ 6:30 ላይ ……… ክፍለ ከተማ፣ ……… ፊት ለፊት 16 ከረጢት ሲሚንቶ የጫነች አህያ ወድቃ ስትደበደብ አይቻለሁ። የእንስሳት ሐኪም ማስረጃ 1 ገጽ እና 4 ፎቶ አያይዣለሁ።

ስለሆነም፦
1ኛ. በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. በእንስሳት ላይ ስለተፈጸመ ጭካኔ ለጽሕፈት ቤቱ የቀረበው ጥቆማ ብዛት፣
2ኛ. ከእነዚህ ውስጥ ለምርመራ የተላለፈው ብዛትና የደረሰበት ደረጃ፣
3ኛ. ጉዳዩን እንዲከታተል የተመደበው የሥራ ክፍል፣
4ኛ. ጉዳዩ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊነት ካልሆነ ኃላፊነቱ የየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ፣
በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር"

አያችሁት? "እባካችሁ እርምጃ ውሰዱ" የሚል የለበትም። እርምጃ ውሰዱ ሲባል መልሱ "እየተሠራበት ነው" ይሆናል። ስንት ነው ሲባል ግን መልሱ ቁጥር ነው። ዜሮም ቁጥር ነው።

ትልቁ ሥራ ያለው አራተኛዋ ጥያቄ ውስጥ ነው። በቃል "የኛ ሥራ አይደለም" የሚል ሰው ብዙ ነው። የኛ ሥራ አይደለም ብሎ ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ማህተም የሚመታ ኃላፊ ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ያንኑ ደብዳቤ ስሙን ብቻ ቀይራችሁ እርስ በርስ ለሚቀባበሏችሁ ሁለት ቢሮዎች አስገቡ። ግልባጭ በሚለው ሥር አንዱን ለአንዱ ጻፉ። ሁለቱም ሌላው ሊያየው እንደሆነ እያወቁ ነው የሚመልሱት።

የምትመኩበት ሕግ የመረጃ ነፃነት ሕጉ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 590/2000። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የተያዘ መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጣችኋል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። አልሰጥም ካለም ምክንያቱን መግለጽ አለበት። ደብዳቤውን ለጽሕፈት ቤቱ አድርሳችሁ አንድ ቅጂ ለሕዝብ ግንኙነቱ ስጡ፤ አዋጁ መረጃ የመስጠቱን ሥራ የሰጠው ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል፤ ኃላፊነቱን ያጓደለ ባለሥልጣንም ተጠያቂ ነው ይላል። በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ አንቀጽ አትደርድሩ። ለሁለተኛው አቆዩት።

አንድ ነገር ልጨምር። ቢሮው "ለአህያ ደግሞ መስፈርት አለው እንዴ?" ካላችሁ አለው። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ስለ ሥራ አህያ፣ ፈረስና በቅሎ ደኅንነት ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለው። በቀን ከስድስት ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ፣ በሳምንት ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን እንዲያርፉ ይመክራል። ምክር እንጂ የቅጣት ሕግ አይደለም። ቢሆንም አንድ ባለሙያ "ከአቅም በላይ የሚባለው ስንት ነው?" ሲላችሁ ባዶ እጃችሁን አትቆሙም።

መዝገብ ቤት

ደብዳቤ የሚጠፋው እዚህ ነው። ሁለት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ። አንዱን ስጡ፤ በሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም አስመቱ። "እኔ ጋ ተዪው፣ አደርስልሻለሁ" የምትል ጸሐፊ ቅን ሰው ልትሆን ትችላለች። አመስግኑና ማህተሙን ጠብቁ። ኃላፊውን ማግኘት አያስፈልጋችሁም። ማመልከቻ የሚገባው ለመዝገብ ቤት ነው፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ቢሆንም ይገባል።

ከሦስት ቀን በኋላ ተመለሱና "ለማን ተመራ?" ብላችሁ ጠይቁ። ኃላፊው ደብዳቤው ጥግ ላይ "ለእከሌ፣ ታይቶ ይቅረብልኝ" ብሎ ጽፎ ይፈርማል። የምትፈልጉት ያን እከሌን ነው። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ የቢሮው መሆኑ ቀርቶ የአንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ያለ ነገር ይሆናል። ሰው ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ያለ ነገር ያሳስበዋል።

የሄዳችሁበትን ሁሉ በደብተር ያዙ። ቀን፣ ያነጋገራችሁት ሰው፣ ያላችሁ ነገር። የቃል መልስ ከሰጧችሁ ቤት ግቡና ሁለት መስመር ጻፉ፦ "ግንቦት 14 ቀን በአካል ቀርቤ ስጠይቅ የዚህ ዓይነት ጥቆማ መዝግበን አንይዝም የሚል የቃል መልስ ተሰጥቶኛል። የተሳሳትኩት ካለ በጽሑፍ እንዲታረምልኝ።" ይህችን አስገቡና ማህተም አስመቱባት። ይህን ዘዴ ከአንዲት የጡረታ ጉዳይ ከነበራቸው እናት ነው የተማርኩት። አራት ዓመት የተጓተተባቸውን ጉዳይ በሁለት ወር ጨረሱበት።

ጊዜም ምረጡ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ግንቦት ላይ የገባ ጥያቄ የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ሲዘጋጅ ይደርሳል። ነሐሴ ላይ የገባ "በዕቅዳችን አልተያዘም" ይባላል።

ሠላሳ ቀን ሲያልፍ

በሠላሳ አንደኛው ቀን ሁለተኛ ደብዳቤ አስገቡ። አጭር ይሁን። የመጀመሪያውን ገቢ ቁጥርና ቀን ጥቀሱ፣ አዋጁን ጥቀሱ፣ መልስ አለማግኘታችሁን ግለጹ። ግልባጭ ለቅሬታ ሰሚው። ብዙ መሥሪያ ቤት ግድግዳው ላይ የዜጎች ቻርተር ለጥፏል፤ ለቅሬታ በስንት ቀን መልስ እንደሚሰጥ እዚያ ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ፎቶ አንሱና አያይዙት። የራሱን ቃል ነው የምታስታውሱት።

ከዚያም ካልሆነ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። የመረጃ ነፃነት ሕጉን አፈጻጸም የሚከታተለው እሱ ነው። ሐዋሳ ላይ ቅርንጫፍ አለው። ገንዘብ አይጠይቅም። መጀመሪያ ቢሮውን ጠይቃችሁ እንደነበር ማሳየት ይኖርባችኋል፤ ማህተም የተመታባቸው ኮፒዎች ጥቅማቸው ያኔ ነው። ጎን ለጎን ለከተማው ምክር ቤት አባላችሁ ቅጂ ስጡ። ምክር ቤቱ የቢሮዎችን ሪፖርት ይሰማል። አንድ አባል ተነስቶ "የእንስሳት ጭካኔ ጥቆማ ስንት መጣላችሁ?" ብሎ ቢጠይቅ ከእኔ አሥር ደብዳቤ ይበልጣል።

ለብቻችሁ አትሂዱ። የሰፈር ዕድር፣ የማኅበር ሰዎች፣ ባለጋሪዎቹም ጭምር። አዎ፣ ባለጋሪዎቹ። እኔ ጋ መጥቶ ሦስተኛ ሆኖ የፈረመው ለራሱ ሁለት አህያ ያለው ሰው ነው። "እኔ አሥር ከረጢት ስጭን አሥራ ስድስት የሚጭነው ሥራዬን ወሰደብኝ" አለኝ። ሕጉ ቢከበር የሚጠቀመው እሱ ነው።

የሕዝብ ድምፅ አይሰማም የሚል ካለ ከእኛ ሩቅ ያልሆነ ነገር ላስታውሰው። ቢሾፍቱ ላይ ተከፍቶ የነበረው የአህያ ቄራ በ2009 ዓ.ም. የነዋሪው ተቃውሞ ሲበረታ ተዘግቷል። የካቲት 2016 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች እዚሁ አዲስ አበባ ተሰብስበው አህያን ለቆዳው ብሎ ማረድን በመላው አህጉር ለ15 ዓመት ለማገድ ተስማምተዋል። ይህን ከዚያ በኋላ በምጽፋቸው ደብዳቤዎች ሁሉ ላይ በአንድ መስመር አስገባዋለሁ። መሪዎች የተስማሙበትን ጉዳይ "ትንሽ ነገር ነው" ማለት ይከብዳል።

አጥፊው ራሱ ቢሮ ሲሆን

ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ከሱቄ በር ላይ የምታድር አንዲት ውሻ ነበረች። ሰፈሩ ቡቺ ይላታል። አንድ ጠዋት በር ልከፍት ስመጣ እግሮቿ እንደ እንጨት ደርቀው፣ አንገቷ ወደ ኋላ ተቆልምሞ አገኘኋት። ሌሊት መርዝ የተደረገበት ሥጋ ተበትኖ ነበር። ያስበተነው መሥሪያ ቤት ነው።

ለውሻ መግደያ ሲያገለግል የኖረው ስትሪክኒን የሚባለው መርዝ ጡንቻን ያንዘፈዝፋል፤ እንስሳው እስከ መጨረሻው ራሱን አይስትም። ስለዚህ "በሰላም ነው የምናስወግዳቸው" የሚል መልስ አትቀበሉ።

እዚህ ጋ ግን ፍትሐዊ መሆን አለብን። የእብድ ውሻ በሽታ እውነተኛ ነገር ነው። በዓለም ላይ በዓመት ወደ 59 ሺህ ሰው ይገድላል፤ በሽታው ወደ ሰው የሚተላለፈው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በውሻ ንክሻ ነው። የጎረቤቴ ልጅ ተነክሶ ክትባቱን እስኪጨርስ እናቱ እንቅልፍ አልነበራትም። ደብዳቤያችሁን በዚህ ጀምሩ። ስጋቱን እንደምትጋሩ ተናገሩ። ከዚያ መርዝ በሽታውን እንደማያቆመው አስረዱ። የሞቱትን ቦታ ሌሎች ያልተከተቡ ውሾች መጥተው ይይዙታል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ቢያንስ 70 በመቶ የሚሆኑትን ውሾች መከተብ ነው።

ጥያቄዎቹ እነዚህ ይሁኑ። የትኛው መርዝ ነው ጥቅም ላይ የዋለው? ማን ገዛው? በስንት ብር? ነዋሪው በምን ማስታወቂያ ተነገረው? ሬሳው የት ተጣለ? በዚያው ዓመት ስንት ውሻ ተከተበ? ስለ ሬሳው መጠየቅን አትርሱ። ሐዋሳ አባ ኮዳና ጥንብ አንሳ ከሰው ጋር የሚኖሩባት ከተማ ናት፤ አሞራ ገደል ሄዶ ያየ ያውቃል። መርዝ የበላ ውሻ ሜዳ ላይ ከተጣለ የሚቀጥለው ሟች አሞራው ነው። የመርዙንና የክትባቱን ወጪ ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ መልስ ካገኛችሁ ለምክር ቤቱ አባል የሚሆን ከዚህ የተሻለ ወረቀት የለም።

ምን አገኘሁ?

የአህያዋ ደብዳቤ መልስ የመጣው በአርባ አንደኛው ቀን ነው። ስድስት መስመር። "በጽሕፈት ቤታችን በእንስሳት ላይ ስለሚፈጸም ጭካኔ ተለይቶ የተመዘገበ መረጃ የለም" ይላል። ጓደኞቼ "ይሄው ነው?" አሉኝ። እኔ ደስ አለኝ። አንድም ጉዳይ እንዳልተመዘገበ ያመነ፣ ማህተም ያለው ወረቀት ማለት ነው። ኮፒ አድርጌ ለሌላኛው ቢሮ፣ ለቅሬታ ሰሚውና ለምክር ቤት አባሉ ላክሁት። በሐምሌ ሁለቱ ቢሮዎች አንድ ላይ ጠሩኝ። አንድ ባለሙያ ተመደበ። ገበያው መግቢያ ላይ በሳምንት ሁለት ቀን ጋሪ የሚያይ ቡድን ቆመ። የአህያዋ ባለቤት ተጠርቶ ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ተሰጠው። አህያዋ ለሦስት ሳምንት ከጋሪ ወጣች። ቁስሏ ሲድን ነጭ ፀጉር በቀለበት። ልጁ አሁን የሌላ ሰው ባጃጅ ይነዳል፤ ሲያልፍ ክላክስ ያደርግልኛል።

ያ ቡድን አራት ወር ቆይቶ ቀረ። ማን እንዳስቀረው የሚያውቅ የለም፤ ባለሙያው ተዛውሯል። ስለዚህ እንደገና ጻፍኩ። አሁን ጥያቄዬ አምስት ሆኗል። አምስተኛዋ "ቡድኑ በየትኛው ቀን፣ በማን ትእዛዝ ተቋረጠ?" የምትል ናት።

ሐዋሳ ያላችሁ ፎቶና ቀን ይዛችሁ ኑ፤ የእንስሳ ማመልከቻ አላስከፍልም፣ ወረቀቱም ከእኔ ነው። የእኔ ደብዳቤ ሠላሳኛ ቀን ኅዳር 12 ይሞላል። በማግስቱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ መዝገብ ቤቱ ሲከፈት፣ ሁለት ኮፒ ይዤ እዚያ ነኝ።